የድምፅ ሸክላዎች አስተጣጠብና አደራረቅ፤ ስለ አየር መሳቢያና ስለ አልትራሶኒክ መኪናዎች

መግቢያ

በየትምህርት ቤቱ የፔዳጎጂ ማዕከልና የንብረት ክፍል ውስጥ፣ ከተሰበሩ ሉሎችና ከተቀደዱ ካርታዎች ሥር፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ ካርቶን ሙሉ የድምፅ ሸክላ ይገኛል። ከፊሉ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማሪያ የመጣ፣ ከፊሉ የመዝሙር፣ ከፊሉ ደግሞ ከግለሰቦች በስጦታ የተገኘ የዘፈን ሸክላ ነው። ቆጠራ በመጣ ቁጥር «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ዕጣ መወገድ ነው። ሆኖም እንዲህ ከተመዘገቡት ሸክላዎች መካከል ብዙዎቹ የቆሸሹ እንጂ የተበላሹ አይደሉም። በቆሸሸና በተበላሸ ሸክላ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ በቅድሚያ ማጠብ ያስፈልጋል፤ አጠባውም በአግባቡ ካልተከናወነ የቆሸሸውን ወደ ተበላሸ ይለውጠዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለሸክላ ማጠቢያና ማድረቂያ የሚያገለግሉት ሁለት ዓይነት መኪናዎች፣ ይኸውም የአየር መሳቢያ (ቫኪዩም) መኪናና የአልትራሶኒክ መኪና፣ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚጠቅሙና በምን ላይ እንደሚያስቸግሩ ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች ለማስረዳት ይሞከራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት አቅራቢው ከሚሠራበት ከአዊ ዞን፣ በተለይም ከእንጅባራና ከዳንግላ አካባቢ ሁኔታ ነው።

አንድ የተበላሸ ሥራ

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ አቅራቢው በአንድ ትምህርት ቤት ጀማሪ መምህር ሳለ፣ ከንብረት ክፍሉ የወጡ ሸክላዎችን ለማጠብ ተነሣ። ክረምቱ ገና ማብቃቱ ነበርና ሸክላዎቹ ነጭ ሻጋታ አብቅለዋል። በሳፋ የቧንቧ ውኃ ተቀዳ፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ተጨመረበት፤ ሸክላዎቹም አንድ በአንድ በጨርቅ እየታሹ ታጥበው በግድግዳ ሥር ለፀሐይ ተደረደሩ። እኩለ ቀን ላይ ከመካከላቸው አራቱ እንደ አክንባሎ ጎብጠው ተገኙ። ያልጎበጡት ደግሞ ሲደርቁ ቀጭን ነጭ ልባስ ታየባቸው፤ በማጫወቻው ላይ ሲቀመጡም ከመታጠባቸው በፊት ከነበረው የባሰ ይንጫጩ ጀመር። አንዱ ሸክላ ከሌሎቹ ከበድና ወፈር ያለ ነበር። እሱን በተለየ ጥንቃቄ ለማጽዳት ታስቦ በአልኮል በታሸ ጊዜ ጨርቁ ጥቁር ቀለም ጠጣ። ቀለም የመሰለው ሸክላው ራሱ ነበር።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ የነበሩት አዛውንት፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ሸክላዎቹን ለዓመታት ከአይጥና ከዝናብ ጠብቀው ያቆዩ ናቸው። ተቆጥተው አልተናገሩም። «መምህር፣ ውኃውን አደረቅኸው እንጂ ቆሻሻውን መች አወጣኸው? ሲኒ እንኳ ታጥቦ ይለቀለቃል» አሉ። አቅራቢው ስለ ጉዳዩ በኋላ ያነበባቸው የቴክኒክ ጽሑፎች ከዚህ አባባል ብዙ የራቁ ሆነው አላገኛቸውም። በውኃ የተነሣ ቆሻሻ ከውኃው ጋር አብሮ ከሸክላው ላይ መወገድ አለበት፤ ውኃው እዚያው ተንኖ ከደረቀ ቆሻሻው ቀድሞ ከነበረበት ይበልጥ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚህ በታች ስለ ሁለቱም መኪናዎች የሚነገረው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ነጥብ ዙሪያ ነው።

በሸክላ ላይ የቀረው ድምፅ

የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀረጸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ በጀርመን አገር ባስቀረጿቸው ሥራዎች መሆኑ ይታወቃል። በዚያን ዘመን ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከተባለ፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ነበር። ከእጅ ሲወድቅ እንደ ገንቦ ስለሚሰበር ስሙ የተገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ትልቅ ሸክላ፣ በተከታዩም ዓመት አር.ሲ.ኤ. ቪክተር ባለ 45 ዙሩን ትንሽ ሸክላ ለገበያ ካቀረቡ ወዲህ ግን ሸክላ ቪናይል ከተባለው ፕላስቲክ መሠራት ጀመረ።

በአገራችን የሸክላ ኅትመት ያበበው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ አንድ መቶ ያህል ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና ጥቂት ትልልቅ ሸክላዎችን አሳትሟል። ካይፋ ሪከርድስ በ1975 ያወጣው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅግ አገር በሚገኘው ክራምድ ዲስክስ እንደገና ታትሞ በዓለም ላይ ታወቀ፤ ከ1997 ጀምሮም ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ብዙዎቹን የዚያን ዘመን ዘፈኖች ወደ ሲዲ መልሰዋቸዋል። ከዘፈን ውጭም፣ ዣን ጄንኪንስ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የቀረጿቸው የባህል ሙዚቃዎች በ1970 በእንግሊዝ አገር በሦስት ሸክላዎች ታትመዋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ለዕቅድ ባለሙያ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር ይገኛል። የአገራችን ሸክላ አብዛኛው ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ ነው። ስለ መኪናዎቹ ስንናገር ይህን እንመለስበታለን። ሌላው ደግሞ፣ እንደገና የታተሙት በመጀመሪያው ዘመን ከታተሙት ሁሉ ጥቂቶቹ መሆናቸው ነው። ዋናው ቴፕ ለጠፋበት ዘፈን የሚተርፈው ምስክር ያው ሸክላው ብቻ ነው። በአንድ ካርቶን ውስጥ የትኛው ሸክላ እንዲህ ያለ እንደሆነ ከላዩ አይቶ መለየት አይቻልም።

በቦዩ ውስጥ ያለው ነገር

ሸክላ በሁለቱም ገጹ ላይ ከዳር ተነሥቶ ወደ መካከል የሚጠመዘዝ አንድ ረጅም ቦይ አለው። የቦዩን ርዝመት ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ሸክላ በ20 ደቂቃ ውስጥ 667 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የአማካዩ ዙር ራዲየስ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የአንዱ ዙር ርዝመት 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 420 ሜትር ገደማ ይመጣል። የቦዩ አፍ ስፋት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ አካባቢ ነው፤ ቀጭን የራስ ጠጉር ያህል ማለት ነው። ሁለቱ ግድግዳዎቹ ተጋጥመው የማዕዘን ልክ ይሠራሉ፤ ድምፁ የተቀረጸውም በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ በሚታየው መወዛወዝ ነው። ለስለስ ያለና ቀጭን ድምፅ የሚፈጥረው መወዛወዝ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ያንሳል። በዓይን የማይታይ የአቧራ ብናኝ ለዚህ ቦይ በመንገድ ላይ የወደቀ ድንጋይ ነው።

ወደ ቦዩ የሚገባው ቆሻሻ አንድ ዓይነት አይደለም። የበጋ አቧራ አለ፤ ከጣት የሚቀር ቅባት አለ፤ ከወረቀት ማኅደሩ የሚረግፍ ብናኝ አለ። በአዊ አካባቢ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው ሻጋታ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ክረምቷ ረጅምና እርጥብ የሆነ ከተማ ናት፤ በመሬት ላይ የተቀመጠ ካርቶን በአንድ ክረምት ይሻግታል። ሁለተኛው ጭስ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባቾቹ ወረዳዎች ከዲከረንስ ዛፍ ከሰል ማክሰል ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆኗል፤ በየቤቱም የምድጃ፣ የከሰልና የዕጣን ጭስ አይታጣም። የጭስ ጥቀርሻ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ቅባት የተቀላቀለበት ስለሆነ በውኃ ብቻ አይለቅም።

ቪናይል ደግሞ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፕላስቲክ በመሆኑ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ አቧራውንም ወደ ራሱ ይስባል። ሸክላን በሸሚዝ እጅጌ የመጥረግ ልማድ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የመርፌው ጉዳይ ነው። መርፌው በሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ሁለት ግራም ያህል ብቻ ቢሆንም ግድግዳውን የሚነካው እጅግ በጣም ጠባብ በሆነ ሥፍራ ስለሆነ ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት በብዙ እጥፍ የበለጠ ይሆናል። በመካከል የአሸዋ ብናኝ ካለ መርፌው ብናኙን ወደ ፕላስቲኩ ይጫነዋል፤ ወይም ግድግዳውን ይፍቅበታል። ይህ ጉዳት በምንም ዓይነት አጠባ አይመለስም። ስለዚህ ከካርቶን የወጣን ሸክላ «ይሠራ እንደሆን እስቲ እንሞክረው» ብሎ ሳያጥቡ ማጫወት ትልቅ ስሕተት ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ይኸው ነው።

የአየር መሳቢያ መኪና

የዚህ መኪና ሐሳብ ቀላል ነው። ሸክላው በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ማጠቢያ ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ለስላሳና ደቃቅ ጸጉር ባለው ብሩሽ ፈሳሹ ወደ ቦዩ እንዲገባ ይደረጋል፤ ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ የመሳቢያው ሞተር ተነሥቶ ፈሳሹን ከነቆሻሻው ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃ ይመጠዋል። በእንግሊዝ አገር «ግራሞፎን» የተባለው መጽሔት የቴክኒክ አዘጋጅ የነበሩት ፐርሲ ዊልሰን የነደፉት ሐሳብ በኪዝ ሞንክስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1969 መኪና ሆኖ ወጣ፤ ከቀደምት ተጠቃሚዎቹም አንዱ የእንግሊዝ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን (ቢ.ቢ.ሲ.) ነበር።

የኪዝ ሞንክስ መኪና መምጠጫው ጠባብ አፍንጫ ነው። አፍንጫው ከሸክላው መካከል ተነሥቶ ወደ ዳር ቀስ እያለ ሲጓዝ ቦዩን ጥቂት በጥቂት ያደርቃል። በአፍንጫውና በሸክላው መካከል ቀጭን ክር ያልፋል፤ ክሩ አፍንጫው ፕላስቲኩን እንዳይነካ ይከላከላል፤ የቆሸሸውም ክፍል እየተሳበ በአዲስ ይተካል። ይህች ክር የመኪናው ሁሉ ብልሃት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኋላ የመጡት ርካሽ መኪናዎች በአፍንጫው ፋንታ ከመካከል እስከ ዳር የሚደርስ፣ በጎኑ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይጠቀማሉ። በቀዳዳው ግራና ቀኝ ከፈይ ተለጥፏል። ይህ ፈጣን ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ሸክላው ይደርቃል። ጉድለቱ ግን ከፈዩ ከአንዱ ሸክላ የያዘውን ቆሻሻ ወደሚቀጥለው ማስተላለፉ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው መታጠብ ይኖርበታል። ከደረቀ በኋላም ሸክላውን ማዞር ከቀጠሉ ከፈዩ ደረቁን ፕላስቲክ እያሸ ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል።

በዚህ ዓይነት መኪና ሲሠራ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ታጥቦ ሸክላው ሲገለበጥ፣ ንጹሑ ገጽ ቀድሞ የቆሸሸው ገጽ ባረፈበት ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ሁለት ንጣፍ ተዘጋጅቶ አንዱ ለቆሸሸው፣ አንዱ ለታጠበው ሊውል ይገባል።

በእጅ ያለ የቤት አቧራ መሳቢያን ለዚህ ሥራ ማዋል አደገኛ ነው። ለደረቅ አቧራ ብቻ የተሠራ መሳቢያ ውኃ ከገባበት ሞተሩ ይቃጠላል፤ የሚሠራውንም ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።

የአልትራሶኒክ መኪና

የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አልትራሶኒክ ይባላል። በማጠቢያ መኪናው ገንዳ ሥር ወይም ጎን ኤሌክትሪክ ሲያገኙ የሚርገበገቡ የሴራሚክ ቁራጮች ተለጥፈዋል። ብዙዎቹ ገንዳዎች የሚሠሩት በ40,000 ኸርዝ ነው፤ ለሸክላ ብለው የተሠሩ አንዳንድ መኪናዎች ግን፣ ለምሳሌ በኢስቶኒያ የሚሠራው ዴግሪተር፣ 120,000 ኸርዝ ይጠቀማሉ።

ርግብግቡ በውኃው ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ በአንድ ቅጽበት ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ቅጽበት ይነሣል። ግፊቱ ሲወድቅ በውኃው ውስጥ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ሲነሣ አረፋዎቹ ወደ ውስጥ ይፈርሳሉ። አረፋው በሸክላው ግድግዳ አጠገብ ሲፈርስ እንደ መርፌ የቀጠነ የውኃ ጄት ወደ ግድግዳው ይወረወራል፤ የተጣበቀውንም ቆሻሻ ያስለቅቃል። ብሩሽ ወደማይደርስበት የቦዩ ወለል የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የርግብግቡ ድግግሞሽ በጨመረ መጠን አረፋው ያንሳል፤ በ120,000 ኸርዝ የሚፈጠረው አረፋ በ40,000 ከሚፈጠረው ሦስት ጊዜ ያህል ያነሰና ፍርሰቱም የለዘበ ነው።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። ማንኛውም አነስተኛ የአልትራሶኒክ ገንዳ፣ የወርቅ ሠሪ ወይም የመነጽር ቤት እንኳ ቢሆን፣ ከተገኘ፣ በውኃው ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀጭን የአሉሚኒየም ወረቀት ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ሲወጣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ይገኛል። ወረቀቱ በብረት ወይም በእንጨት መቆንጠጫ ይያዝ፤ መኪናው በሚሠራበት ጊዜ ጣት ወደ ውኃው መግባት የለበትም።

ለሸክላ ሲሆን አሠራሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሸክላው በአግድም ዘንግ ላይ ተሰክቶ፣ የታችኛው ክፍል ብቻ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ እጅግ ቀስ እያለ ይዞራል። አዲስ የተቀዳ ውኃ የሟሟ አየር ስላለበት የአረፋውን ኃይል ያደክማል፤ ስለዚህ ሸክላው ከመግባቱ በፊት መኪናው ለብቻው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ መሥራት አለበት። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይበልጥ ይመረጣል። ርግብግቡ ራሱ ውኃውን ስለሚያሞቅ ሸክላ በሸክላ ላይ ሲታጠብ ቴርሞሜትሩን እየተመለከቱ ማረፍ ያስፈልጋል። ከሸክላው መካከል የተለጠፈው ወረቀት እንዳይርስም መከለያ ይደረግለታል፤ ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስምና የኅትመቱ ቁጥር ያለው በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ባለ 45 ዙሩ ሸክላ እንመለስ። አብዛኞቹ መኪናዎች የተሠሩት ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነው ትልቅ ሸክላ ነው። ዲያሜትሩ 17.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ትንሹ ሸክላ በዚያው ዘንግ ላይ ሲሰካ ውኃውን ላይነካ ይችላል። በአየር መሳቢያውም በኩል ረጅሙ ቱቦ ከትንሹ ሸክላ ዳር አልፎ ስለሚቀር አየር በከንቱ ይስባል። ለሁለቱም መኪናዎች ለትንሹ ሸክላ የሚሆን አገናኝ ወይም አጭር ቱቦ ለብቻው ይሸጣል። ግዢ ሲታቀድ ይህ በዝርዝሩ ውስጥ ካልተካተተ ለኢትዮጵያ ሸክላ የማይሆን መኪና ተገዛ ማለት ነው።

ስለ ማድረቅ

የአልትራሶኒክ መኪና ቆሻሻውን ከግድግዳው ያስለቅቀዋል እንጂ ከውኃው አያወጣውም። ቆሻሻው በገንዳው ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል፤ ሸክላው ሲወጣ በላዩ የሚቀረው ውኃም ያንኑ ቆሻሻ የያዘ ነው። አምስተኛው ሸክላ የሚታጠበው በአራቱ ቆሻሻ ነው። ማጣሪያ የተገጠመላቸው መኪናዎች ይህን ይቀንሱታል፤ አያስቀሩትም። አንዳንዶቹ መኪናዎች በማራገቢያ ነፋስ ያደርቃሉ። ነፋስ ውኃውን ያተንነዋል፤ በውኃው ውስጥ የነበረውን ግን በቦዩ ወለል ይተወዋል። እጅግ ውድ የሆነውን አጠባ በርካሽ አደራረቅ ማበላሸት የሚባለው ይህ ነው። በአቅራቢው አስተያየት ትክክለኛው ቅደም ተከተል በአልትራሶኒክ ማጠብ፣ ከዚያ በንጹሕ የተነጠረ ውኃ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻም በአየር መሳቢያ መምጠጥ ነው። ከሁለቱ መኪናዎች አንዱን ብቻ መግዛት የሚቻል ከሆነ ደግሞ መሳቢያው መቅደም ይኖርበታል። በእጅና በብሩሽ ታጥቦ በመሳቢያ የደረቀ ሸክላ፣ በአልትራሶኒክ ታጥቦ በነፋስ ከደረቀው የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

የውኃው ዓይነት የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። ሁለት ንጹሕ የመስተዋት ቁራጮች ወስዶ በአንዱ ላይ የቧንቧ ወይም የምንጭ ውኃ፣ በሌላው ላይ የተነጠረ ውኃ ጠብ አድርጎ ጥላ ውስጥ እንዲደርቁ መተው ነው። በመጀመሪያው ላይ ነጭ ቀለበት ይቀራል፤ በሁለተኛው ላይ ምንም አይታይም። ነጩ ቀለበት በውኃው ውስጥ የነበረ ማዕድን ነው፤ የቀድሞዎቹን ሸክላዎች ያንጫጫቸው ልባስ ከፊሉ ይኸው ሲሆን ሌላው ያልተለቀለቀው ሳሙና ነበር። የተነጠረ ውኃ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውም በጋራዦችና በመለዋወጫ መደብሮች ይገኛል። የዝናብ ውኃ በሁለተኛ ደረጃ ያገለግላል፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን ካጠቡት በኋላ የተጠራቀመና በጥሩ ጨርቅ የተጠለለ መሆን አለበት።

ውኃ ብቻውን በቪናይል ላይ እየተንከባለለ ወደ ቦዩ ለመግባት ያስቸግራል። ስለዚህ የውኃውን የገጽ ውጥረት የሚቀንስ፣ ሽቶና ቀለም የሌለበት ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ጥቂት ጠብታ ይጨመራል። የአረፋ ብዛት የንጽሕና ምልክት አይደለም፤ የሚያስከትለው የማለቅለቅ ሥራ ብቻ ነው።

የአካባቢው ሁኔታና ዕቅድ

የከፍታ ጉዳይ ለፊዚክስ መምህራን ጥሩ ጥያቄ ነው። በእንጅባራ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየር መሳቢያ «ይስባል» ቢባልም በእርግጥ የሚሠራው የውጭው አየር ፈሳሹን ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ነው። የውጭው ግፊት ሲቀንስ የመሳቢያውም አቅም ይቀንሳል፤ በተግባር ሥራውን የሚያስቆም አይደለም፤ ሆኖም አፍንጫውን ከመመሪያው በዘገየ ፍጥነት ማንቀሳቀስና ሳሳ ያለው አየር በሚገባ ለማያቀዘቅዘው ሞተር ዕረፍት መስጠት ተገቢ ይሆናል። በአልትራሶኒኩም በኩል በመርሕ ደረጃ ግፊቱ ሲያንስ አረፋው በቀላሉ ይፈጠራል፤ ሲፈርስ ግን ኃይሉ በመጠኑ ይለዝባል።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ ከከፍታው ይልቅ ያሳስባል። በአጠባ መካከል መብራት ከጠፋ እርጥቡ ሸክላ ሳይመጠጥ እዚያው እንዳይደርቅ ወዲያው በተነጠረ ውኃ አለቅልቆ፣ በንጹሕና ጸጉር በማይለቅ ጨርቅ በቦዩ አቅጣጫ መጠቅጠቅ ይሻላል። ገንዳውና መሳቢያው የመሬት ሽቦ ባለው ሶኬት ላይ መሰካት አለባቸው።

ሥራው የሚሠራበት ክፍል ጭስ የማይገባው፣ ቡና የማይፈላበት፣ ዕጣን የማይጨስበት መሆን ይኖርበታል። ይህን መጻፍ የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ቡና የሚፈላው አብዛኛውን ጊዜ ማንም በማይጠቀምበት ክፍል ስለሆነ፣ የሸክላ ክፍል የሚባለውም ያው ክፍል ይሆናል። የሻገተ ሸክላ የሚያነሣ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። የታጠበ ሸክላ ወደ አሮጌው የሻገተ ማኅደር መመለስ የለበትም። አሮጌው ማኅደር ለታሪኩ ሲባል ለብቻው ተጠብቆ ለሸክላው አዲስ ይበጅለታል፤ ሸክላውም ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

እነዚህን መኪናዎች ለየትምህርት ቤቱ መግዛት አያዋጣም፤ አስፈላጊም አይደለም። አንድ መሳቢያ፣ አንድ ማጫወቻና አንድ የሠለጠነ ሰው በዞን ደረጃ ቢኖሩ የትምህርት ቤቶቹ ካርቶኖች በተራ እየመጡ ሊታጠቡ ይችላሉ። የአልትራሶኒክ መኪና በክልል ደረጃ ቢሆን ይበቃል። አጠባውም ብቻውን ግብ አይሆንም። የታጠበው ሸክላ በአንድ ጊዜ ማጫወት ወደ ኮምፒውተር ሊገለበጥ ይገባል፤ ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበርም ለዚህ ሥራ በሰከንድ ከ48,000 ያላነሰ፣ ቢቻል 96,000 ናሙና በ24 ቢት እንዲወሰድ ይመክራል። ከዚያ በኋላ የመማሪያ ክፍሉ የሚጠቀመው ግልባጩን ነው።

የማይታጠቡ ሸክላዎች

ማንኛውም ሸክላ ከመታጠቡ በፊት ዓይነቱ ይለያል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ ከባድና ተሰባሪው የሼላክ ሸክላ በአልኮል ይሟሟል፤ ውኃ ውስጥ ከቆየም የድንጋይ ዱቄቱ ውኃ ስለሚጠጣ ይጎዳል። በተነጠረ ውኃ በፍጥነት ታጥቦ ወዲያው መመጠጥ ይችላል እንጂ ወደ አልትራሶኒክ ገንዳ አይገባም። ከአልሙኒየም ወይም ከመስተዋት ገበታ ላይ በላከር ተለብጠው ለአንድ ጊዜ ቅጂ የተቀረጹ ሸክላዎች ደግሞ ጭራሽ በባለሙያ ካልሆነ በስተቀር አይነኩም፤ ልባሱ በውኃ ተላቅቆ ሊነሣ ይችላል። በውጭ አገር ከታተሙ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አንዳንዶቹ ከቪናይል ሳይሆን ከስታይሪን የተሠሩ ናቸው፤ እነሱም አልኮል አይወዱም። ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ምንም ይሁን ምን ወደ ርግብግብ አይገባም።

አቅራቢው ባለፈው በጋ ከዳንግላ ከአንድ ቤት የመጣ አንድ ካርቶን ሸክላ ደርሶት ነበር። መኪናዎቹ በእጅ ስላልነበሩ የአሮጌ ማጫወቻ ጠረጴዛ በእጅ እየዞረ፣ የቤተ ሙከራው ማጣሪያ ፓምፕ ከብርጭቆ ጠርሙስ ጋር ተያይዞ፣ በፕላስቲክ አፍንጫ ላይ የናይለን ክር ታስሮ፣ የዊልሰንን ብልሃት የመሰለ መሣሪያ ተሠራ። ፓምፑ የሚሠራው በቧንቧ ውኃ ግፊት ስለሆነ ውኃ በሌለበት ቀን ሥራው ይቆማል፤ ለአንድ ገጽም ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በጠርሙሱ የተጠራቀመው ውኃ የሻይ መልክ ነበረው። ሸክላዎቹ እየታጠቡ ተገልብጠዋል። ከካርቶኑ ሥር የተገኘው አንድ የሼላክ ሸክላ ግን ዳሩ የተሰነጠቀ ስለሆነ ሳይታጠብ፣ በንጹሕ ማኅደር ተጠቅልሎ፣ በላዩ «ውኃም አልኮልም አይንካው» ተብሎ ተጽፎበት በመደርደሪያው ላይ ቆሟል።